ከነጩ ድንኳን የተመለሱት ሰው

በእኛ ቤት ስለ አንድ ሰው እግር ብዙ ተወርቷል። ስለ መልካቸው ወይም ስለ ድምፃቸው የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ፎቶግራፍም የላቸውም። እግራቸው ግን በወሬ ወሬ ይኸው አራተኛው ትውልድ ዘንድ ደርሷል። ሰውየው የሴት አያቴ አባት፣ የእኔ ቅድመ አያት ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ከቆቦ በላይ ካለች መንደር ተነሥተው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ስንቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ሰሜን ዘመቱ። በዚያው ዓመት፣ በሁዳዴ፣ ራሳቸው በአህያ ተጭነው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሁለት እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ኖሩ።

ይህን ወሬ የሰማሁት ቆቦ ሆኜ አይደለም። ቆቦን ያየኋት ካደግሁ በኋላ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አሶሳ፣ ከከተማው ወጣ ብለው ከሚገኙትና ከስም ይልቅ በቁጥር ከሚታወቁት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ከተነሡት ሰፋሪዎች መካከል የእኛም ቤተሰብ ነበረበት። እኔ የተወለድኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ቀርከሃው፣ ማንጎው፣ ወባው፣ የበርታ ጎረቤቶቻችን ቋንቋ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የነበረው ማታ ማታ ቡና ሲፈላ እምዬ የምትተርከው የአገር ቤት ወሬ ነበር። እምዬ የምንላት አያታችንን ነው።

እምዬ ስለ አባቷ ስትተርክ ቃሏን አትለውጥም። «አባቴን ዝናብ አቃጠለው። ነጭ ድንኳን ውስጥ አርባ ቀን ተኛ። ፈረንጅ በሳሙና እግሩን አጠበው። ኋላ አውሮፕላን መጥቶ ድንኳኑን አነደደው።» ይኸው ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም። እኛ ልጆቹ ዝናብ እንዴት ያቃጥላል እያልን እንስቅ ነበር። እሷ ግን አትስቅም።

በ1997 ዓ.ም. በመንደራችን ሠርግ ነበር። ጠላው ደህና አድርጎ ከተቀዳ በኋላ አንድ የቆቦ ሽማግሌ በሰው መካከል አባቴን እንዲህ አሉት፦ «ያንተ አያት እኮ ማይጨውን ሳያይ የገባ ነው። እግሩን የነሣው የሽሽት መንገድ ነው።» ሰዉ ሳቀ። አባቴም እንደ ጨዋታ ቆጥሮት ፈገግ አለ። እምዬ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ በቤታችን ቡና አልተፈላም። በአራተኛው ቀን እኔን ጠርታ፣ «አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ አባቴ የተኛበትን ቦታ ፈልግልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እሺ ማለት አይከብደውም። እምዬ በ2000 ዓ.ም. ዐረፈች፤ እኔ ፍለጋውን አልጀመርኩም ነበር። ለጋዜጠኝነት ትምህርት አዲስ አበባ ገብቼ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ለዚህም ለዚያም እየጻፍኩ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው አደራዋ እንቅልፍ የነሣኝ።

* * *

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር ቀርቶታል። የተወጋው አይረሳም እንጂ አይጽፍም። ቁስለኛው ለልጁ ይነግራል፣ ልጁ ለልጅ ልጁ ይነግራል፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግን ቁስሉን ያጠበው ሐኪም የጻፈው ነው።

እኔም በመጀመሪያ የጀማሪ ስሕተት ሠራሁ፤ ስም ፈለግሁ። ሆስፒታል ካለ የበሽተኞች መዝገብ አለ፣ መዝገብ ካለ የቅድመ አያቴ ስም ከነአባታቸው ተጽፎ ይገኛል ብዬ ነበር። ቀስ በቀስ የገባኝ፣ የ1928ቱ ዘማች በመዝገብ የሚቆጠር ወታደር አለመሆኑ ነው። ከክብር ዘበኛውና በዘመናዊ መንገድ ከሠለጠነው ጥቂት ጦር በስተቀር የሚበዛው ሰው ባላባቱን ተከትሎ፣ የራሱን ስንቅ በራሱ አህያ ጭኖ የዘመተ ገበሬ ነበር። ሲቆስል የሚያነሣው ወንድሙ ወይም አሽከሩ ነው፤ ሐኪሙም ወጌሻው ነው። ከወጌሻው እጅ አልፎ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ የደረሰም ቢሆን፣ ሐኪሙ በአስተርጓሚ እያነጋገረ በቀን ብዙ ቁስለኛ የሚያይ በመሆኑ ስምና የአባት ስም የሚጽፍበት ፋታ አልነበረውም። ቅድመ አያቴን በስም የሚጠራ አንድም ወረቀት እስከ ዛሬ በእጄ አልገባም።

ስለዚህ ሰውየውን ትቼ ድንኳኑን መፈለግ ጀመርኩ።

* * *

ለመሆኑ በዚያን ጊዜ በሰሜን ግንባር ስንት ነጭ ድንኳን ነበር? ብዙ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ማኅበሩ ገና የሦስት ወር ሕፃን ነበር ማለት ነው። የማኅበሩን የዕለት ሥራ ይመሩ የነበሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ናቸው። እኒህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ከእኛ ከአሶሳ በስተደቡብ በሚገኘው በሳዮ፣ በዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ በኩል መሆኑን ሳነብ እንደ አገሬ ሰው ቆጠርኳቸው።

አገሪቱ የራሷ በቂ ሐኪም ስላልነበራት ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከኔዘርላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብጽ የሕክምና ቡድኖች መጡ። እነዚህ ቡድኖች «አምቡላንስ» ይባሉ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ በዚያን ጊዜ አምቡላንስ ማለት እንደ ዛሬው ጡሩምባዋን እየነፋች የምትሮጥ መኪና አይደለም፤ ድንኳኑን፣ አልጋውን፣ መድኃኒቱን፣ ሐኪሙን ይዞ ከጦሩ ኋላ የሚጓዝ ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ነው። ስዊድኖቹ ወደ ደቡብ፣ ኖርዌዮቹ ወደ ይርጋለም፣ ግብጾቹና ፊንላንዶቹ ወደ ምሥራቅ ሄዱ። ለቆቦ ሰው የሚቀርቡት ሁለቱ ናቸው፤ በዶክተር ዊንከል የሚመራው የኔዘርላንድ አምቡላንስ ደሴ ነበር፤ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ደግሞ በደሴ አልፎ ወደ ኮረም ወጣ። በዚህ ላይ ደሴ ውስጥ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሐኪሞች የሚሠሩበት ሆስፒታል ነበር።

አባቴ ሁልጊዜ «አያቴ ደሴ ሆስፒታል ነው የተኛው» ይል ነበር። መነሻ የሚሆን ነገርም አለው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቦምቡ ሆስፒታሉንም አግኝቶታል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያላየ የለም። ድንኳን፣ አውሮፕላን፣ እሳት፤ ሁሉም የሚገጥም ይመስላል። እኔም ለጥቂት ወራት ነገሩ ተቋጨ ብዬ ነበር። የማይገጥመው እግሩ ነው።

* * *

የእምዬን አራት ዐረፍተ ነገሮች በወረቀት ላይ ጽፌ አንድ በአንድ ማየት ያዝኩ። የመጀመሪያው «ዝናብ አቃጠለው» የሚለው ነው።

ኢጣልያ በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ መጣል የጀመረችው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም.፣ ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ ነው። ከደሴው ድብደባ በኋላ መሆኑ ነው። የኋላ ኋላ በበርሜል መጣሉ ቀርቶ ከአውሮፕላን እንደ ጤዛ ይረጭ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር የተናገሩት ይህንኑ የሚረጭ ሞት ነው። ጋዝ ይባል እንጂ ይፕሪት የሚሉት መርዝ እንደ ዘይት የሚወፍር ፈሳሽ ነው። ሲነካ ወዲያው አያምም። ሰውየው እርጥብ ነገር ነካኝ ብሎ ዝም ይላል። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይገሸለጣል። ሣር ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ አፈር ላይ የተረጨው ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ጫማ ያደረገ ወታደር ምናልባት ይተርፋል። የእኛ ሰው ግን በባዶ እግሩ ነበር የዘመተው።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ተነሣሁ። ልጆች ሆነን የሳቅንበት ዝናብ ትዝ አለኝ። እምዬ አላጋነነችም፣ ተረትም አላወራችም፤ ያየችውን በትክክለኛው ቃል ነግራን ነበር። የኢጣልያ መንግሥት ይህን ዝናብ በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ። እምዬ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። አሶሳ ድረስ መጥቶ የነገራት የለም እንጂ።

እንግዲህ ሰውየው የቆሰሉት ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። ደሴ ወደቀች። ለቀረው ደግሞ ያገዘኝ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ሆነ። እምዬ ዓመተ ምሕረት አታውቅም፤ በዓል ግን ታውቃለች። አባቷ ቤት የደረሱት «የደብረ ዘይት ለት» መሆኑን፣ ድንኳኑ የነደደው ደግሞ «መፃጉዕ ሊሆን ሦስት አራት ቀን ሲቀረው» መሆኑን ሁልጊዜ ትናገር ነበር። ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ አባቷ እግሩን ተጠቅልሎ በአህያ ሲመጣ፣ መፃጉዕን ከነታሪኩ ብታስታውስ አይገርምም፤ በዚያ ሰንበት የሚነበበው ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋው ላይ የኖረው በሽተኛ ነውና።

ስሌቱን ሠራሁት። በ1928 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጠር ደብረ ዘይት መጋቢት 6፣ መፃጉዕ የካቲት 29 ይውላሉ። ከመፃጉዕ አራት ቀን ሲቀነስ የካቲት 25 ነው። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ኮረም አጠገብ ሜዳ ላይ ሰፍሮ የነበረው የዶክተር ሜሊ አምቡላንስ በኢጣልያ አውሮፕላን ቦምብ ተደበደበ።

ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ዳኛ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ያን ለት ሥራ አልሠራሁም።

* * *

የቀረው በቀላሉ ይገጣጠማል። በየካቲት መጀመሪያ የራስ ሙሉጌታ ጦር አምባ አራዳም ላይ ተሰበረ። ሲያፈገፍግ አውሮፕላኑ ቦምቡንና መርዙን ይዞ ከላይ ተከተለው። ከዚያ የተረፈው ወደ ደቡብ፣ በማይጨውና በአሸንጌ አድርጎ ወደ ኮረም ጎረፈ። ቅድመ አያቴ ከነዚህ አንዱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። በእንግሊዙ ቡድን ውስጥ የነበሩት ዶክተር ማክፊ የዕለት ማስታወሻቸውን በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። በመርዝ የተቃጠሉ ሰዎች እየተጎተቱ ወደ ድንኳኑ ሲመጡ ማየታቸውን ጽፈዋል። ለዚህ ቃጠሎ ማርከሻ መድኃኒት አልነበረም፤ ማጠብ፣ መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው። «ፈረንጅ በሳሙና እግሩን አጠበው» የሚለው የእምዬ ቃል ከዚህ ጋር አይጣላም።

በሰፈሩ ላይ ትልቅ የቀይ መስቀል ምልክት ነበረ፤ ከሰማይ ሊታይ የሚገባው። የኢጣልያ ወገን ምልክቱን የኢትዮጵያ ጦር እንደ ጋሻ ይጠቀምበታል እያለ ይከስስ ነበር። ነገሩ ግን በኮረም አልጀመረም። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ተደብድቦ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትረም ከብዙ ቁስለኞች ጋር ሞቷል። ሜሊም አገሩ አልተመለሰም። ከኮረም ተርፎ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን ከተማዋ ስትዘረፍ የወደቀ ቁስለኛ ሊያነሣ ሲል በጥይት ተመታ፤ ሚያዝያ 27፣ የኢጣልያ ጦር በገባበት ዕለት ዐረፈ።

ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል የተላከው ስዊዛዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖም በመጋቢት ወር በዚያው ሜዳ አልፏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል ጽፎ ትቷል፤ «አቤት» የሚል። በየዛፉ ሥር የተኙት በመርዝ የተቃጠሉ ሰዎች እሱን ሲያዩ ያሰሙት ድምፅ ነው። ማሩን፣ እዘኑልን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶታል። እውነትም ነው፤ የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት «አቤት!» ይላል። ሆኖም እኛ ስንጠራም «አቤት» እንላለን። አለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ነኝ ማለታችን ነው። ዡኖ ይህን ሁለተኛውን አላወቀም። ማንም በስሙ ያልጠራው ሰው «አቤት» ሲል እኔ የምሰማው ሁለቱንም ነው። ቅድመ አያቴ በዚያ ሰዓት ቤታቸው ገብተው ስለነበር ከነዚያ መካከል አልነበሩም፤ የነበሩት ጓደኞቻቸው ናቸው። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልም ከመንግሥታቱ ማኅበር ስለ መርዙ መረጃ ሲጠየቅ ገለልተኛ ነኝ ብሎ የያዘውን አልሰጠም።

* * *

በ2011 ዓ.ም. ኮረም ወጣሁ። ከአላማጣ ጠመዝማዛውን መንገድ ወጥቶ፣ ነፋሱ ሌላ የሆነበት ሰፊ ሜዳ ላይ ይደረሳል። ድንኳኑ የተተከለበትን ቦታ በጣቱ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። ስለ ድንኳን የጠየቅኋቸው ሁሉ ግን አላመነቱም፤ «ድንኳኑማ እዚህ ነበር፣ እስከዚያ ድረስ» እያሉ ሜዳውን በእጃቸው ጠረጉልኝ። የሚያወሩት ስለ 1928 አልነበረም። ስለ 1977 ነበር።

ያን ጊዜ ነው የቆምኩበት ቦታ የት እንደሆነ የገባኝ። ይህ ሜዳ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ሜዳ ነው። ኬንያዊው ካሜራ ሰው መሐመድ አሚንና ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ በንጋት ብርድ የቀረፁት፣ ዓለምን ያስለቀሰው የኮረም መጠለያ እዚሁ ነበር። በድርቁ የተፈናቀለው የቆቦና የአካባቢው ሰው ወደዚህ ወጥቷል። እምዬም ወጥታለች። ከዚህ ነው ተነሥታ፣ ዕድሜ ልኳን የፈራችውን አውሮፕላን፣ አንቶኖቭ የሚሉትን፣ ተሳፍራ አሶሳ የወረደችው። በዚያ ሰሞን መንግሥት ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ካሰፈራቸው ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች አንዷ ሆነች።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አወጣሁ። «አርባ ቀን ተኛ።» ይህ ቃል ከመጀመሪያው ሲቆረቁረኝ ነበር። አምባ አራዳም የተሰበረው በየካቲት መጀመሪያ ነው፤ ድንኳኑ የተመታው የካቲት 25 ነው። በመካከሉ አርባ ቀን አይገባም። የእግሩን መንገድ ስንቀንስበት ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ የቆዩት ከጥቂት ቀናት አይበልጥም። ደግሞም እምዬ አልፎ አልፎ፣ ስትደክም፣ ሌላ ነገር ትጨምር ነበር፤ ነጭ ሴት ልጅ የልጆቹን ክንድ በሪባን እንደለካች፣ ብስኩት እንዳደለች። በጦር ሜዳ የቁስለኞች ድንኳን ውስጥ የምን ልጆች? የምን ብስኩት?

አርባው ቀን የአባቷ አልነበረም። የእሷ ነበር። አባቷ በ1928 የተኙበት ሜዳ ላይ እሷ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነጭ ድንኳን ውስጥ ተኝታለች፤ ሁለቱ ድንኳኖች በልቧ አንድ ሆኑ። ስለ ራሷ መጠለያ ስትጠየቅ «ተወው እቴ» ብላ ታልፍ ነበር። ዘምቶ ቆስሎ ድንኳን መተኛት ይወራል፤ ተርቦ ድንኳን መተኛት አይወራም። የራሷን ሕመም ለአባቷ ሰጥታ አወራችልን።

ለአንድ ጀማሪ ታሪክ ፈላጊ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የሽማግሌ ቃል ውሸት ነው ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ እንዳለ መቀበልም ስሕተት ነው። እምዬ በዝናቡ ልክ ነበረች፣ በበዓሉ ልክ ነበረች፣ በቀኑ ብዛት አልነበረችም። ያልሆነችበትም ቦታ ቢሆን ባዶ አልነበረም።

* * *

ወደ አሶሳ ስመለስ መንገዱ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። እኛ ሰፋሪዎቹ የቆሰለ አባት ስንፈልግ ፊታችን ሁልጊዜ ወደ ወሎ ነው። የቆምንበት መሬትስ? አሶሳም የራሷ ቁስለኞች ነበሯት። በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያን ከምዕራብ በኩል ሊወጋ ከቤልጂግ ኮንጎ የተነሣው ፎርስ ፑብሊክ የሚባለው ጦር፣ ሱዳንን አቋርጦ መጋቢት 2 ቀን አሶሳን ያዘ። መጋቢት 14 ጋምቤላን ያዘ። ከዚያ የሳዮ ተራራ ሥር ክረምቱ ያዘው። የጥይቱን ያህል ተቅማጡና ቤሪቤሪ የሚባለው የምግብ ጉድለት በሽታ ጎዳው። በመጨረሻ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ጄኔራል ጋዜራ ከነሠራዊቱ ለጄኔራል ዢሊያር እጁን ሰጠ። መጻሕፍቱ የሚጽፉት የሁለቱን ጄኔራሎች ስም ነው። ሸክም ተሸክሞ ከኮንጎ ድረስ የመጣው፣ አገራችን ውስጥ ታሞ የወደቀው ሰው ስም አይገኝም።

ዛሬ ኪሳንጋኒ ወይም ሌላ የኮንጎ ከተማ ውስጥ አንዲት አያት ለልጅ ልጇ፣ «አባቴ አሶሳ በሚባል አገር ታሞ ተኛ» እያለች ይሆናል። ልጁ አሶሳ የት እንደሆነ አያውቅም፤ እኔ ኮረም የት እንደሆነ እንዳላውቅ። በበርታ ሽማግሎች ዘንድ ስለዚያ ክረምት የቀረ ወሬ ካለ፣ የሚጽፈው ሰው ቶሎ ቢደርስ መልካም ነው። እኔ ለእምዬ ስምንት ዓመትና ከዚያም በላይ ዘግይቻለሁ።

ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። ዝናቡን፣ የካቲት 25ን፣ ቤታቸው የገቡበትን መጋቢት 6ን። ማይጨው መጋቢት 22 መሆኑንም አሰላሁለት፤ ሰውየው ማይጨውን ያላዩት ሸሽተው ሳይሆን የሚቆሙበት እግር ስላልነበራቸው መሆኑን። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ደስ ይለዋል፣ «ያን ሽማግሌ አፉን አስያዝክልኝ» ይለኛል ብዬ ነበር። ሽማግሌው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል።

«የእሳቸው አባት እኮ» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ከአያቴ ጋር ባንድ ቀን ነው የዘመተው። ማይጨው ቀረ። ሬሳውም አልተገኘ፣ ያየው ሰውም አልተገኘ። እኚያ ሰውዬ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ ነው የኖሩት። አያቴ በአህያ ተጭኖ ሲገባ፣ የእሳቸው እናት በሩ ላይ ቆማ ነበር አሉ።»

ይህን ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እምዬም አልነገረችኝም። ታውቀው ነበር? ሳታውቀው አትቀርም። በዚያ ሠርግ ላይ ለሽማግሌው መልስ ያልሰጠችውና ዝም ብላ የወጣችው ለዚህ ይሆን?

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ የሽማግሌው ልጅ እንደ ልማዱ ለጉርብትና ብቅ አለ። አባቴ ስኒ ሰጠውና ወደ እኔ እያመለከተ፣ «እስቲ የአያትህን ስም ንገረው» አለው። «ደግሞ የዘመቱበትን ለት፣ በዓሉን አስታውስ።»

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ሰውየው ጥቂት አሰበና፣ አባቱ ሲያወሩ የሰማውን ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር። የዘመቱበትን ለት አላስታወሰውም፤ ከእናቱ ጠይቆ ሊመጣ ቀጠሮ ይዘን ተለያየን።